የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ዳኛን የሥራ ታሪክ እንዴት እናንብብ?

ስለ አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ዳኛ ስንሰማ መጀመሪያ የሚነገረን የሾመው ፕሬዝዳንት ስም ነው። አብዛኞቻችንም እዚያው ላይ እናቆማለን። እኔ ግን ዳኛ የሚታወቀው በጻፈው ነው እላለሁ፤ ጽሑፉ ደግሞ በየፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ትዕግሥት ግን የግድ ነው።

መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን ለዩ። ሰርኪዩት የሚባሉ 13 የይግባኝ ፍርድ ቤቶች አሉ፤ 11ዱ በቁጥር ይጠራሉ፣ ቀሪዎቹ የዲሲና የፌዴራል ሰርኪዩት ናቸው። የሚደርሳቸው መዝገብ አንድ ዓይነት አይደለም። ካሊፎርኒያን የሚይዘው ዘጠነኛው ሰርኪዩት የስደተኞች ጉዳይ ይበዛበታል፤ የዲሲው ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ውሳኔ የሚቃወም ክርክር። ስለዚህ የዲሲ ዳኛ ስለ ጥገኝነት ብዙ አልጻፈም ብላችሁ አትፍረዱበት፣ እምብዛም አይደርሰውም።

ቀጥሎ የመጣበትን መንገድ እዩ። ፌዴራል ጁዲሻል ሴንተር የሚባለው ተቋም ድረ ገጽ ላይ ከ1789 ጀምሮ የተሾሙ ዳኞች አጭር ታሪክ አለ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕገ መንግሥቱ ለዳኛ የዕድሜም ሆነ የትምህርት መስፈርት ስላላስቀመጠ መንገዱ ይለያያል። ኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሱት ዳኞች ሶኒያ ሶቶማየር ማንሃተን ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፣ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ደግሞ አቅም ለሌላቸው ተከሳሾች መንግሥት የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ። ሁለቱም ወደ ይግባኝ የወጡት መጀመሪያ በሥር ፍርድ ቤት ዳኝተው ነው። ይሄን ልብ በሉ፤ ምስክር ሲመሰክር ቁጭ ብሎ የሰማ ዳኛ የሥር ፍርድ ቤትን ውሳኔ የሚያይበት ዓይን ከዩኒቨርሲቲ መምህርነት በቀጥታ ከመጣው የሚለይ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ትልቁ ሀብት እጩው ለሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ የሚሞላው መጠይቅ ነው። ለሕዝብ ክፍት ነው። የጻፋቸው ጽሑፎች፣ ያደረጋቸው ንግግሮች፣ በጥብቅና ዘመኑ የያዛቸው 10 ዋና ዋና ጉዳዮች ሁሉ ይዘረዘሩበታል። እጩዎች ሴኔት ፊት ሲጠየቁ "ይህ ጉዳይ ነገ ሊመጣብኝ ይችላል" እያሉ ስለሚያልፉት፣ ከጥያቄና መልሱ ይልቅ መጠይቁ ብዙ ይናገራል። የድምፅ ብዛቱን ግን በጥንቃቄ እዩት። እስከ ኅዳር 2013 ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ 60 ሴናተር ያስፈልግ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተራ አብላጫ ይበቃል። የ1990ዎቹን ሹመት ከዛሬው ጋር በቁጥር ማወዳደር ያሳስታል።

አሁን ወደ ፍርዶቹ ግቡ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዳኞች ይሰየማሉ፣ አንዱ ይጽፋል። የጋራ ፍርድ ሲጻፍ የባልደረቦችን ድምፅ ላለማጣት ብዙ ነገር ይለዝባል። ስለዚህ ከልዩነት ሐሳብ፣ ማለትም በአብላጫው ያልተስማማ ዳኛ ከሚጽፈው ጀምሩ፤ እዚያ ዳኛው ብቻውን ነው የሚናገረው፣ የሚያምንበትን ሳይሸፋፍን ታገኙታላችሁ። ከዚያ ውጤቱን ተስማምቶ ምክንያቱን ለብቻው የጻፈባቸውን አንብቡ። "ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስንት ጊዜ ሻረበት?" የሚለው ቁጥር ግን አያታላችሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዓመት የሚሰማው ጥቂት ደርዘን ጉዳይ ነው፣ ከተቀበላቸውም አብዛኛውን ይሽራል። ለቀሩት ባለጉዳዮች የመጨረሻው ቃል የይግባኝ ዳኛው ነው። እነዚህን ዳኞች ማወቅ ይገባል የምለውም ለዚሁ ነው።

አወጣጡንም ተመልከቱ። ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው። 65 ዓመት የሞላውና 15 ዓመት ያገለገለ ዳኛ ግን ሲኒየር ሆኖ ወንበሩን ለአዲስ ተሿሚ ለቆ፣ ሥራውን ቀነስ አድርጎ መቀጠል ይችላል። መቼና በማን የፕሬዝዳንትነት ዘመን እንደለቀቀ አስተውሉ።

ከማን ልጀምር ካላችሁ ለርንድ ሃንድን እመክራለሁ። በ1924 ሁለተኛው ሰርኪዩት ገብተው በ1961 እስከሞቱ ድረስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልደረሱም። ስለሰጠመች አንዲት የጭነት ጀልባ በ1947 የጻፉት ፍርድ የሕግ ተማሪዎች ዛሬም ቸልተኝነት ማለት ምን እንደሆነ የሚማሩበት ነው። አጭር ስለሆነ ባንድ ቁጭታ ያልቃል።