ውሃ ዳር አሳ ስንጠብስ፦ የተንቀሳቃሽ ጋዝ መጥበሻ ችግርና መፍትሄ

አሳው ተይዞ፣ ታጥቦ፣ ዱቄት ተነስንሶበት፣ ሰው ሁሉ ሳህን ይዞ እየጠበቀ እሳቱ እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። አብዛኞቻችን ታዲያ ችግሩን አሳው ላይ ነው የምንፈልገው፣ ዱቄት እንቀይራለን፣ ቅመም እንቀያይራለን፣ ዘይቱን እንረግማለን፣ እኔ ግን ስንት ጊዜ ተቸግሬ ያየሁት ጣጣው የሚጀምረው ከታች ነው። ስለዚ ቼክ ሳደርግ ሁሌም ከታች ወደ ላይ ነው የምሄደው፣ መጀመሪያ ሲሊንደር፣ ከዛ ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው) እና ጋዙ የሚሄድበት ጎማ፣ ከዛ ነበልባሉ፣ ከዛ የዘይቱ ሙቀት፣ አሳው መጨረሻ። እዚም በዛው ቅደም ተከተል ነው የምጽፈው።

የጋዝ ሽታ አለ

ይሄ ከሁሉም በፊት ነው። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፣ የሚከረፋው ነገር ሲያፈስ እንድናውቅ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነው፣ ስለዚ "ትንሽ ሸተተኝ" ብሎ ማለፍ የለም። ሲሊንደሩን ዝጉ፣ አካባቢው ላይ ያለ እሳት ሁሉ ይጥፋ፣ ሽታው እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዛ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ መጋጠሚያዎቹንና ጎማውን ሙሉ ቀቡና ሲሊንደሩን ብቻ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ በርነሩ (እሳቱ የሚወጣበት) ዝግ ይሁን። አረፋ እየነፋ የሚያድግበት ቦታ እሱ ነው የሚያፈሰው። መጋጠሚያው ከሆነ አጥብቁት፣ ካልቆመ ውስጡ ያለችው የጎማ ቀለበት ደርቃ ወይ ተሰንጥቃ ሊሆን ስለሚችል ትቀየር። ጎማው ራሱ ከተሰነጠቀ ግን በፕላስተር መጠቅለል ምናምን አይሰራም፣ በቃ ይቀየራል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚሞሉት ጋዞች፣ ፕሮፔንም ቡቴንም፣ ከአየር ስለሚከብዱ መሬት ለመሬት ሄደው ጉድጓድ ነገር ውስጥ ይተኛሉ፣ ስለዚ መጥበሻውን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አትትከሉት። ድንኳን ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፣ እሳቱ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም የለውም፣ ሳይታወቅ ነው የሚገድለው።

ሲሊንደሩ ሙሉ ነው፣ እሳቱ ግን ደካማ ነው

ሁለት ምክንያት አለው፣ ሁለቱም ሰው ብዙ የማያውቃቸው ናቸው።

አንደኛው፣ የበርነሩ ማስተካከያ ክፍት እያለ ሲሊንደሩን ባንዴ ስትከፍቱት ነው። ብዙ ሬጉሌተሮች ጎማ ቢበጠስ ጋዝ እንዳይለቁ የሚያደርግ ሴፍቲ አላቸው፣ ጋዙ ባንዴ ሲሮጥበት ጎማው የተበጠሰ ይመስለውና ፍሰቱን ያንቀዋል፣ እናንተ የምታዩት ሻማ የምታክል እሳት ብቻ ነው። መፍትሄው በርነሩን መዝጋት፣ ሲሊንደሩን መዝጋት፣ ሬጉሌተሩን ፈትቶ አንድ ሁለት ደቂቃ ማቆየት፣ መልሶ ማሰር፣ ከዛ ሲሊንደሩን በጣም ቀስ ብሎ መክፈት። በርነሩን የምትከፍቱትና የምትለኩሱት ከዛ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ብርድ ነው። አንድ ጊዜ ገና ሳይነጋ ውሃ ዳር ወጥተን ከታላቅ ወንድሜ ጋር እየጠበስን፣ የመጀመሪያውን ዙር አሪፍ አድርጎ የጠበሰ እሳት ሁለተኛው ላይ እየሞተ ሄደ፣ እኔ ሬጉሌተሩን እየነካካሁ እሱ "ተወው፣ ሲሊንደሩን ንካው እስቲ" አለኝ፣ እጄን ሳሳርፍ ከወገቡ በታች ነጭ አመዳይ ይዟል፣ በጥፍሬ ስፍቀው እንደ ዱቄት ይነሳል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጋዝ ሆኖ ለመውጣት ሙቀት ይፈልጋል፣ ሙቀቱን የሚወስደው ከራሱ ከሲሊንደሩ ነው፣ ትንሽ ሲሊንደር ላይ ትልቅ በርነር ከሰካችሁ ሲሊንደሩ ይበርዳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ እሳቱ ይደክማል። ቡቴን ከሆነ ይብሳል፣ ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ መትነኑን ያቆማል ማለት ይቻላል፣ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ከዜሮ በታች ድረስ ይተናል። ስለዚ ብርድ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ፕሮፔን፣ በርነራችሁ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ሲሊንደር። እዛው ከተቸገራችሁ በሌላ ሲሊንደር ቀይሩና የበረደው እስኪመለስ አሳርፉት። ሲሊንደርን እሳት ላይ ማሞቅ ወይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ በፍጹም አይሆንም፣ ይፈነዳል።

ነበልባሉ ቢጫ ነው፣ ድስቱም ጥላሸት ለበሰ

ሰማያዊ መሆን ነበረበት። ቢጫ ማለት ጋዙ በቂ አየር እያገኘ አይደለም ማለት ነው። ከበርነሩ ስር ጋዝና አየር የሚቀላቀሉበት ቱቦ አለ፣ አፉ ላይ የምትዞር የአየር መክፈቻ አለች፣ እሷን ትንሽ ትንሽ እየከፈታችሁ እሳቱ ሰማያዊ ሲሆን አቁሙ፣ በጣም ከከፈታችሁት ደግሞ እሳቱ ከበርነሩ ተነስቶ እየጮኸ ይጠፋል። ከፍታችሁትም ካልተስተካከለ ቱቦው ውስጥ ሸረሪት አለ። የምሬን ነው፣ መጥበሻው ወራት ተቀምጦ ከሆነ ሸረሪት እዛ ውስጥ ድር መስራት ትወዳለች። ቱቦውን ፈታችሁ በቀጭን ብሩሽ ጥረጉት። ጋዙ የሚወጣባትን ቀዳዳ ግን በመርፌ ወይ በሽቦ አትውጉ፣ ቀዳዳዋ ከሰፋች እሳቱ ከልክ በላይ ይሆናል፣ በአየር ንፉት ወይ ቀይሩት።

ይለኮስና ይጠፋል

አንዳንዱ መጥበሻ ታይመር አለው፣ በየተወሰነ ደቂቃ ሪሴት ካላደረጋችሁት ራሱ ይዘጋል፣ ብልሽት አይደለም። እሳት መኖሩን የምታይ ዘንግ ያለችው ከሆነ ደግሞ ዘንጓ በነበልባሉ ውስጥ መሆኗንና ጥላሸት አለመያዟን እዩ፣ ስትለኩሱም ቁልፉን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ተጭናችሁ ቆዩ። ከዛ የሚቀረው ንፋስ ነው። ንፋሱን ከለላ አድርጉበት ግን ከለላው ሲሊንደሩንና በርነሩን አንድ ላይ እንዳያጥር፣ ሲሊንደሩ ሙቀት እንዳይታፈንበት በነፋሱ መምጫ በኩል ራቅ ብሎ ይቁም።

ዘይቱ ገንፍሎ ይወጣል

የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። አንድ መጠን ውሃ እንፋሎት ሲሆን ወደ 1700 እጥፍ ይሰፋል፣ እና አሁን ከውሃ የወጣ አሳ ደግሞ ውሃ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ውሃ፣ ስንጥቡ ስር ውሃ፣ ክንፉ ስር ውሃ። ጠብታ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ስትገባ ከታች ትሰምጥና እንፋሎት ሆና ዘይቱን ይዛ ትነሳለች፣ ድስቱ አፍ ድረስ ሞልቶ ከሆነ ዘይቱ በጎን ወርዶ እሳቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለዚ አሳውን በጨርቅ ወይ በሶፍት ጨምቁት፣ ከውጭ ብቻ ሳይሆን የሆዱን ውስጥም ጠራርጉ። ለዘይቱ መጠን ደግሞ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ፣ ቤት እያላችሁ ድስቱ ውስጥ አንድ ዙር የሚሆን አሳ ከቅርጫቱ ጋር አስገቡና እስኪሸፈን ውሃ ጨምሩበት፣ ከዛ አሳውን አውጥታችሁ ውሃው የቀረበትን ልክ ምልክት አድርጉ፣ የዘይታችሁ ልክ እሱ ነው፣ ከድስቱ ግማሽ ካለፈ ግን ድስቱ አንሷል ወይ አሳው በዝቷል። ከዛ ድስቱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አድርቁት። ስታስገቡ ደግሞ ቅርጫቱን አትጣሉት፣ ጫፉን አስነክታችሁ ያዙ፣ ቸስታው ረገብ ሲል ትንሽ ዝቅ፣ እንደገና ያዙ፣ እንዲህ እያላችሁ።

ውሃ ሳይኖር አረፋው አልወርድ ካለ፣ አረፋው ደቃቅና የሚጣበቅ ከሆነ፣ ዘይቱ አርጅቷል። ይደፋ።

ዘይቱ ይጨሳል

አብዛኛው የተጣራ የምግብ ዘይት ማጨስ የሚጀምረው ከ200 ዲግሪ በላይ ነው፣ እኛ ለአሳ የምንፈልገው ከ175 እስከ 190 ነው፣ ስለዚ ጭስ ካያችሁ አልፋችኋል፣ እሳቱን አጥፉ። ወደ 370 አካባቢ ሲደርስ ያለ ክብሪት ራሱ ይቀጣጠላል። ከተቀጣጠለ ውሃ በፍጹም! ጋዙን ዝጉ፣ እጃችሁን ሳታቃጥሉ መድረስ ከቻላችሁ የብረት ክዳን ድስቱ ላይ አንሸራታችሁ ክደኑ፣ ቶሎ አትክፈቱት። ክዳኑ ከመጀመሪያው አጠገባችሁ ይሁን፣ ለዘይት እሳት የሚሆን ማጥፊያም ይዛችሁ ውጡ።

ቴርሞሜትሩ "160 ነው" እያለ ዘይቱ የሚጨስ ከሆነ ቴርሞሜትሩ ነው የተሳሳተው። የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ ባህር ጠለል ላይ 100 ማለት አለበት፣ በየ300 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ዲግሪ ይቀንሳል፣ 2400 ሜትር ላይ ከሆናችሁ 92 አካባቢ ካለ ትክክል ነው። ዘይት ከመንካቱ በፊት ደረቅ አድርጋችሁ ጥረጉት። ጫፉም የድስቱን ታች አይንካ።

አሳው ዘይት ጠጣ፣ ተልፈሰፈሰ

ይሄ ሁሌ ማለት ይቻላል የችኮላ ነው። ቀዝቃዛ አሳ በብዛት ባንዴ ሲገባ ሙቀቱ ዝቅ ይላል፣ ስስ ድስት ላይ ደግሞ ለመመለስ ብዙ ይቆያል፣ ሙቀቱ ዝቅ ሲል ከአሳው የሚወጣው እንፋሎት ይደክማል፣ ሽፋኑ ሳይደርቅ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ጆሯችሁን ተጠቀሙ፣ አሳው ሲገባ የሚሰማው ድምጽ ቀጥ ብሎ መቀጠል አለበት፣ ወደ ማጉረምረም ከወረደ አብዝታችኋል። ትንሽ ትንሽ ጥበሱ፣ በየዙሩ መሀል ሙቀቱ እስኪመለስ ጠብቁ። ስታወጡትም ሽቦ ላይ አስቀምጡት፣ ሶፍት ላይ ከደረደራችሁት ወይ ከከደናችሁት በራሱ እንፋሎት ይረጥባል።

ውጩ ጠቆረ ውስጡ ጥሬ ነው፣ ወይ ዱቄቱ ይላቀቃል

የጠቆረው ከሆነ ዘይቱ በጣም ግሏል ወይ አሳው ወፍራም ነው። 2 ሳንቲሜትር ገደማ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ መሀሉ 63 ዲግሪ ከደረሰ በስሏል፣ ቴርሞሜትር ከሌለ በሹካ ስትነኩት ሥጋው ነጭ ሆኖ በቀላሉ ይላቀቃል። ዱቄቱ የሚላቀቀው እርጥብ ስለሆነ ነው፣ አድርቁት፣ መጀመሪያ ስስ ደረቅ ዱቄት፣ ከዛ የተበጠበጠው ዱቄት፣ ቅርጫቱ ታች ላይ እንዳይጣበቅ ደግሞ አሳውን ዘይቱ ውስጥ ትንሽ አንሳፋችሁ ልቀቁት።

አሳው ይጠቀለላል፣ ይጠነክራል

ሰው "በጣም ትኩስ አሳ እንዴት ይጠነክራል" ይላል፣ የሚጠነክረው ግን ትኩስ ስለሆነ ነው። አሳ ከሞተ በኋላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ገላው ግትር ይላል፣ ቆይቶ ደግሞ ይለቃል። ከመገተሩ በፊት እሾሁን አውጥታችሁ ሥጋውን ብቻ ከጠበሳችሁት ጡንቻው ያለ አጥንት ድጋፍ ይሸማቀቃል፣ እዛው ዘይቱ ውስጥ እንደ ቅጠል ሲጠቀለል በአይናችሁ ታያላችሁ። ጊዜ ካላችሁ ደሙን አፍስሳችሁ፣ ሆድ እቃውን አውጥታችሁ በረዶ ውስጥ አሳድሩት፣ ከነአጥንቱ ይደር፣ በማግስቱ ቁረጡት። አሁኑኑ መብላት ከሆነ ግን ከነአጥንቱ ሙሉውን ጥበሱት፣ ጎንና ጎኑን በየግማሽ ሳንቲሜትሩ ብጡት፣ አጥንቱ ቅርጹን ይይዝለታል፣ ብጡ ደግሞ ቀጫጭኑን እሾህ ቆራርጦ ዘይት ስለሚያስገባ እሾሁ ይደርቅና አፍ ላይ አይታወቅም።

ጭቃ ጭቃ ይላል

ቅመም አይደብቀውም። ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሰሩት ጂኦስሚን የሚባል ነገር ነው፣ ቆዳው ስርና በጎኑ መሀል የሚሄደው ጠቆር ያለ ሥጋ ላይ ይበዛል። ቆዳውን ግፈፉ፣ ጠቆር ያለውን ቁረጡና ጣሉ፣ የቀረውን ሎሚ ወይ ኮምጣጤ ባለው ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩት፣ አሲድ ጂኦስሚንን ይሰብረዋል። ከዛ እንደገና አድርቁት፣ እርጥብ አሳ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ብያለሁ።