በባንድ ታጅቦ በመድረክ ለመዝፈን እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ዛሬ አብዛኛው ዘፈን በስቱዲዮ የሚቀረፀው በየክፍሉ ተከፋፍሎ ነው፤ ድምፃዊው አንዱን ስንኝ ደጋግሞ ይዘፍናል፣ ከዚያም የተሻለው ተመርጦ ይገጣጠማል። በመድረክ ላይ ግን ያው ዘፈን ሳይቋረጥና ሳይታረም አንድ ጊዜ ብቻ ይዘፈናል። በመሆኑም ስቱዲዮ የለመደ ወጣት ድምፃዊ ማይክሮፎን ጨብጦ ሕዝብ ፊት ሲቆም የሚሰማው ድንጋጤ ብዙውን ጊዜ ከችሎታ ማነስ የሚመጣ ሳይሆን ያልተለማመደውን ሥራ እንዲሠራ በመጠየቁ የሚፈጠር ነው። ይህ ጽሑፍ በሆቴል፣ በባህል ምሽት ወይም በአዳራሽ ከአራት እስከ ስድስት ዘፈን ከባንድ ጋር ለማቅረብ ለተጋበዘና ሦስት ወይም አራት ሳምንት ጊዜ ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው።

ዘፈኑንና ኪዩን መምረጥ

ጀማሪ ድምፃዊ በአብዛኛው የሚነሳው ከሰው ዘፈን ነው፤ የጥላሁን ገሠሠን፣ የማህሙድ አህመድን ወይም የአስቴር አወቀን ሥራ ከነቅላፄው አጥንቶ ይቀርባል። ማስመሰል እንደ መማሪያ መንገድ የሚነቀፍ አይደለም፤ የአዝማሪ ልጅም ሙያውን የሚወርሰው ከቤተሰቡ አጠገብ ተቀምጦ እየሰማና እየደገመ ነው። ችግር የሚመጣው ለሌላ ሰው ጉሮሮ ልክ የተሰፋውን ቅላፄ እንደያዙ መድረክ ላይ ሲወጡ ነው፤ አድማጩ ዋናውን ዘፋኝ በልቡ ይዞ ስለሚያዳምጥ፣ በየስንኙ የሚሰማው ልዩነት ሁሉ ጉድለት ይመስለዋል።

ከዚህ ለመውጣት የሚረዳ አሠራር አለ። በመጀመሪያ ዜማውን ያለ ምንም ማስዋቢያ፣ ደረቁን ይማሩት። ከዚያ የተቀረፀውን ዘፈን ለአንድ ሳምንት ያህል ጨርሶ አይስሙት፤ በክራር ወይም በኪቦርድ ብቻ ታጅበው ይዝፈኑት። ድምፅዎ በራሱ ጊዜ መታጠፍ ወይም መንዘር የሚፈልግባቸው ቦታዎች ቀስ በቀስ ይታወቃሉ፤ እነዚያን ያቆዩአቸው። ትዝታ ለዚህ ልምምድ እጅግ የተመቸ ነው፤ ከነባር ስንኞች መርጦም ሆነ የራስን ጨምሮ መዝፈን በልማዱ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ድምፃዊው የሚያምንበትን ስንኝ ብቻ ይዞ መቅረብ ይችላል።

ቀጥሎ ሙዚቀኞች ኪይ የሚሉት የዘፈኑ መነሻ ድምፅ ይወሰናል። የዘፈኑን ከፍተኛ ሐረግ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ይዝፈኑት፤ ሦስተኛው ላይ አንገትዎ ከተወጠረ ወይም አገጭዎ ወደ ላይ ከተነሳ ኪዩን በግማሽ ወይም በሙሉ ድምፅ (በኪቦርድ ላይ በአንድ ወይም በሁለት ቁልፍ) ዝቅ ያድርጉት። በግማሽ ድምፅ መውረዱን ከአድማጭ መካከል የሚያውቅ ከስንት አንድ ነው፤ መጨናነቁን ግን ሁሉም ይሰማዋል። የወንድ ዘፈን የምትዘፍን ሴትም ከዚህ እጅግ የሰፋ ለውጥ ሊያስፈልጋት ስለሚችል፣ ይህ ከባንዱ ጋር ከመገናኘት በፊት ያለቀ ጉዳይ መሆን አለበት። የተወሰነው ኪይ ከዘፈኑ ስም ጎን በደብተር ይጻፍ።

ግጥሙን እንደ ንግግር ማንበብ

ግጥሙን ያለ ዜማ፣ ለአንድ ሰው እንደሚናገሩ ሆነው ጮክ ብለው ያንብቡት። ስንኙ ለማን ነው የሚነገረው? ለሄደ ወዳጅ ነው፣ ለእናት ነው ወይስ ለራስ? ይህ ካልተወሰነ ፊትና እጅ የሚይዙት ነገር አጥተው በልማድ ይወዛወዛሉ፤ ከተወሰነ ግን የእጅ እንቅስቃሴ ለብቻው መለማመድ እምብዛም አያስፈልግም። ሰምና ወርቅ ያለበት ስንኝ ከሆነ ደግሞ ወርቁ ያለበትን ቃል በጥቂቱ ዘግየት ብሎ መዝፈን እንጂ በቅላፄ ብዛት መሸፈን አይገባም። ጠብቀው የሚነበቡ ፊደላትም ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ዜማው ሲያፈጥን “አለ” የሚለው ቃል መኖርን ይሁን መናገርን ማመልከቱ ሊጠፋ ይችላልና። በመጨረሻ ትንፋሽ የሚወሰድባቸውን ቦታዎች በእርሳስ ምልክት ያድርጉባቸው።

ትንፋሽና እንቅስቃሴ

ብዙዎች ቤታቸው ቆመው ወይም ተቀምጠው ብቻ ይለማመዱና በዝግጅቱ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እየጨፈሩ ይዘፍናሉ። እስክስታ ትከሻንና ደረትን ስለሚይዝ ትከሻን አንስቶ ትንፋሽ የሚስብ ሰው በሁለተኛው ስንኝ ላይ ያልቅበታል። ትንፋሽ ወደ ታች፣ የጎንና የሆድ ጡንቻ እየሰፋ እንዲገባ መለማመድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ልምምዱን ቆመው ይጀምሩት፣ በማግስቱ እየተራመዱ ይዝፈኑት፣ በኋላም ጭፈራውን ይጨምሩበት፤ ዜማው የሚሰበርበት እንቅስቃሴ ካለ ጭፈራውን ለመሸጋገሪያ ሙዚቃው መተው ይሻላል።

እዚህ ላይ ከውጭ አገር ለሚመጡ ድምፃውያን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካሉ ከተሞች በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ መጥቶ በማግስቱ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው ሊገርመው አይገባም፤ ጥቂት ቀናት ቀድሞ መድረስና ፈጣን ዘፈኖችን አራርቆ መደርደር ይረዳዋል።

ከባንዱ ጋር የሚደረግ ልምምድ

በባንድ ልምምድ ላይ ትልቁ ሥራ መነጋገር ነው። መግቢያው ስንት ዙር ነው? አዝማቹ መጨረሻ ላይ ስንት ጊዜ ይደገማል? ድምፃዊው ማራዘም ቢፈልግ ለድራም ተጫዋቹ ምን ምልክት ይሰጠዋል? መዝጊያው ተወስኖ ካልተለማመዱት ጥሩ የተዘፈነ ዘፈን እንኳ ተዝረክርኮ ያልቃል። የዘፈኑ ፍጥነትም በልምምድ ላይ ተለክቶ ይያዝ፤ በመድረክ ላይ ልብ በፍጥነት ስለሚመታ ትክክለኛው ምት የዘገየ ይመስልና ሁሉም ሰው ማፍጠን ይጀምራል።

ክራር ያለበት የባህል ባንድ ከሆነ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ተጨማሪ ሐሳብ ይጠይቃል። ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ፣ ከዚያ ወደ ባቲ ወይም ወደ አምባሰል በተሸጋገሩ ቁጥር ክራሩ እንደገና መቃኘት አለበት። ስለዚህ በአንድ ቅኝት ያሉትን ዘፈኖች ጎን ለጎን መደርደር፣ ቅኝት በሚለወጥበት ቦታ ደግሞ ድምፃዊው ለታዳሚው የሚናገረውን አጭር ነገር አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል። መሣሪያው በሚቃኝበት ጊዜ ዝም ብሎ መቆም ለጀማሪ ከዘፈኑም ይከብዳል። የመጀመሪያው ዘፈን ለድምፅ የሚመች፣ መካከለኛ ከፍታ ያለው ይሁን፤ ከባዱ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ላይ ይምጣ።

ለማዳመጥ የሚፈልግ ሰው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ቢሰማ ይጠቀማል፤ በዚያ ዘመን ድምፃዊና ባንድ በአንድ ላይ ሆነው ይቀረፁ ስለነበር፣ ድምፃዊው ሙዚቀኞቹን እንዴት እንደሚጠብቃቸውና እንደሚመራቸው በግልጽ ይሰማል።

ማይክሮፎንና ሞኒተር

በየመድረኩ የሚገኘው እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለ ማይክሮፎን ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ አጉልቶ፣ ከኋላው የሚመጣውን ቀንሶ ይቀበላል። ከአፍ ሁለት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከፍ ባለ ድምፅ ሲዘፈን ጥቂት ወደ ኋላ ይሳብ። ወንፊቱን በመዳፍ መሸፈን በቪዲዮ ላይ ያምር ይሆናል፣ ነገር ግን ድምፁን ያፍናል፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸትም ያስነሳል። ማይክሮፎኑን ወደ ሞኒተሩ፣ ማለትም ለድምፃዊው የራሱን ድምፅ መልሶ ወደሚያሰማው የመድረክ ድምፅ ማጉያ፣ ማዞርም እንዲሁ። ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ በሚሞከርበት የሳውንድ ቼክ ጊዜ የድምፅ ባለሙያውን በቅድሚያ የሚጠይቁት የራስዎን ድምፅ በሞኒተሩ ውስጥ ነው፤ ቀጥሎ ድራሙን፣ ከዚያም ዜማውን የሚይዘውን አንድ መሣሪያ። ድምፃዊ ራሱን ካልሰማ ሳያውቀው ይጮኻል፣ ከቅኝትም ይወጣል።

የዝግጅቱ ቀንና ፍርሃት

ከዝግጅቱ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ በጥቂት ሰዎች ፊት፣ በዕለቱ በሚለብሱት ልብስና ጫማ ሁሉንም ዘፈኖች ሳያቋርጡ ይዝፈኑ። ቢሳሳቱም አይቁሙ፤ ስንኝ ሲጠፋ ወደ አዝማቹ መመለስን የሚማሩት በዚህ ጊዜ ነው።

በዕለቱ ውኃ ከጠዋት ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ፤ መድረክ ሊወጡ ሲሉ የሚጠጡት አፍን ያርሳል እንጂ የድምፅ አውታርን በቀጥታ አያገኘውም። ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግና በሹክሹክታ ብዙ ማውራት ድምፅን ያደክማሉ። ሙዚቃ በሚጮኽበት አዳራሽ ከወዳጆች ጋር ሲያወሩ ማምሸት ከሁሉም ይብሳል። ከንፈርን እያርገበገቡ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ድምፅ መውጣትና መውረድ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቢደረግ ጥሩ ማሟሟቂያ ነው።

ፍርሃቱን ለማጥፋት መታገል ብዙ አያዋጣም። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ካራኦኬ ከመዝፈናቸው በፊት “ጓጉቻለሁ” እንዲሉ የተደረጉ ሰዎች “ተጨንቄያለሁ” ካሉት ይልቅ በትክክል ዘፍነዋል። የልብ ምቱ በሁለቱም ስሜት ያው ስለሆነ፣ ራስን አረጋጋለሁ ብሎ ከመድከም ስሜቱን ወደ ጉጉት ማዞር ይቀላል።

መድረክ ላይ ሲወጡ ቦታዎን ይያዙ፣ አንድ ጊዜ በቀስታ ይተንፍሱና ለባንዱ ምልክት ይስጡ። ሊሸልም የመጣ ሰው ገንዘብ ግንባርዎ ላይ ሲለጥፍ ማይክሮፎኑን በሌላኛው እጅ ይዘው ጎንበስ በማለት ያመስግኑ፣ ስንኙን ግን አይቁረጡ። ይህን ሁኔታ አስቀድሞ ከጓደኛ ጋር መለማመድ የሚያስቅ ቢመስልም ይጠቅማል። ታዳሚ የሚያቀብለውን ስንኝ ሳይደናገጡ መቀበል ለሚፈልጉ ደግሞ በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ አዝማሪ ቤት ገብቶ፣ “ተቀበል” ሲባል አዝማሪው የተሰጠውን ስንኝ እንዴት ወደ ዜማው እንደሚያስገባ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

ዝግጅቱን የሚቀርጽ ሰው አስቀድመው ይመድቡ፤ ቅጂውን ግን በዚያው ሌሊት አይስሙት። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ደብተርዎን ይዘው ያዳምጡ፤ ምቱ የፈጠነበትን፣ ትንፋሽ ያለ ቦታው የተወሰደበትንና ታዳሚው አብሮ የዘፈነበትን ስንኝ ይመዝግቡ። የኪይ ለውጥ የሚያስፈልገው ዘፈን ከተገኘ ከሚቀጥለው ልምምድ በፊት ለባንዱ መሪ ይነገረው።