የቆየ ሞተር ሳይክል የአየር ፊልትሮ ስፖንጅ ሠርቶ መተካት፦ ችግርና መፍትሔ

በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ለግብርናና ለጤና ሥራ ሲያገለግሉ የኖሩ እንደ ያማሃ ዲቲ 125፣ ያማሃ ኤጂ 100 እና ሆንዳ ኤክስኤል 125 ያሉ ሞተር ሳይክሎች ዛሬም ከገጠር መንገድ አልጠፉም። የእነዚህ ሞተሮች የአየር ፊልትሮ በዘይት የሚርስ ስፖንጅ ሲሆን፣ ለሞዴሉ ተብሎ የተሠራውን ስፖንጅ ማግኘት እያስቸገረ በመምጣቱ ብዙ ባለቤቶች ራሳቸው ቆርጠው ይተካሉ። ሥራው ከባድ አይደለም። ይሁን እንጂ በትክክል ሳይሠራ ሲቀር የሚታዩት ምልክቶች የካርቡራተር ወይም የካንዴላ ብልሽት ስለሚመስሉ፣ ደህና የነበረ ካርቡራተር በከንቱ ይፈታል። በእጅ የተሠራ ፊልትሮ ያለው ሞተር ሲያስቸግር ምርመራው ከፊልትሮው ሊጀምር ይገባል።

ካርቡራተር ውስጥ ጥቁር ፍርፋሪ ይገኛል

ይህ የአሮጌው ስፖንጅ ምልክት ነው። ስፖንጁ የሚሠራበት ፖሊዩሬቴን በእርጥበት፣ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ስለሚበሰብስ፣ በጣት ሲነካ የሚጣበቅ ወይም የሚፈረፈር ይሆናል። ሳይገጠም በካርቶን ውስጥ ለብዙ ዓመት የተቀመጠም ከዚህ አያመልጥም፤ ስለዚህ ከድሮ ክምችት የተገኘ «አዲስ» ስፖንጅ ከመገዛቱ በፊት በጣት መጫንና ጠርዙን ሳብ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ፍርፋሪው ከተገኘ የፊልትሮው ቤት፣ ወደ ካርቡራተር የሚወስደው ጎማና የካርቡራተሩ ጄቶች (ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፍባቸው ባለ ቀዳዳ ትንንሽ ብሎኖች) በሙሉ መጽዳት አለባቸው፤ አዲሱ ስፖንጅ የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው።

ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበት ያጣል፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይይዛል

አየር አንሷል፣ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። በእጅ በተሠራ ፊልትሮ ላይ ዋናው ምክንያት የስፖንጁ ዓይነት ነው። የፍራሽና የሶፋ ስፖንጅ ብዙዎቹ ቀዳዳዎቹ በስስ ሽፋን የተዘጉ በመሆናቸው አየር በቀላሉ አያልፍባቸውም፤ በዘይት ሲርሱ ደግሞ ጭራሹን ይዘጋሉ። ለፊልትሮ የሚሆነው ቀዳዳው ሁሉ እርስ በርሱ የተገናኘ ስፖንጅ ነው። ለመለየት አፍን ገጥሞ መንፋት በቂ ነው፤ ደረቅ ሳለ ትንፋሽ ያለ ትግል ካላለፈበት አይሆንም። ስስ አድርገው ቆርጠው ወደ ብርሃን ሲይዙትም እንደ መረብ ክፍት ሆኖ መታየት አለበት። በመስኖ አካባቢዎች ለሚሠሩ ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖችና ጄኔሬተሮች መለዋወጫ ሆኖ የሚሸጠው የፊልትሮ ስፖንጅ ከፍራሽ ስፖንጅ በእጅጉ የተሻለ መነሻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የዘይት ብዛት ነው። ስፖንጁ በዘይት ከራሰ በኋላ በሁለት መዳፍ መካከል እየተጨመቀ ትርፉ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ተይዞ ሲቆይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና ነው። እንደ ልብስ መጠምዘዝ ግን ስፖንጁንም ማጣበቂያውንም ስለሚቀድ ፈጽሞ አይገባም።

በጎጃም ደጋ ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ ብዙ ጊዜም ተረስቶ ጥፋቱ በፊልትሮው ላይ ይላከካል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠ ጄት ያለው ሞተር ፊልትሮው ፍጹም ንጹሕ ቢሆን እንኳ በዚህ ከፍታ ቤንዚን ይበዛበታል። ሁለቱን ለመለየት ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ድልድዩ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ በግልጽ ይወፍራል። ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅ ስለማይሰጥ ከዚያ የሚገኝ ፍርድ የለም፤ መታየት ያለበት ታች ከተደረሰ በኋላ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው የሚያሳየው ነው። ጭሱ እዚያ ጠፍቶ ወደ ደጋው ሲመለሱ ከመጣ ጉዳዩ የከፍታ ነው፤ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን የካርቡራተሩን መርፌ የያዘውን ክሊፕ አንድ ጥርስ ወደ ላይ በማድረግ መርፌውን ዝቅ ማድረግ ወይም አነስ ያለ ጄት መግጠም ይረዳል። ታችም እያጨሰ ከቀጠለ ፊልትሮው ይመርመር። ለደጋ ተብሎ ቤንዚን የተቀነሰለትን ባለሁለት ምት (ዘይቱ ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠል) ሞተር ይዞ በረሃ ወርዶ፣ ያንን ረጅም ዳገት በሙቀት መውጣት ግን ፒስተኑን ሊያስነክስ (ከሲሊንደሩ ጋር ሊያጣብቅ) ስለሚችል፣ ከጉዞው በፊት ማስተካከያው ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ይንቀረፈፋል፣ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ካንዴላው ይነጣል

የዚህ ምክንያት ተቃራኒው ነው፤ አየር በዝቷል። ስፖንጁ ከመጀመሪያው የሳሳ ወይም ቀዳዳው በጣም የሰፋ ሊሆን ይችላል። ውፍረቱ የሚለካው ካበጠው ወይም ከተጨማደደው አሮጌ ስፖንጅ ሳይሆን፣ ስፖንጁን ከያዘው የሽቦ ቤትና ከክዳኑ መካከል ካለው ክፍተት ነው። ከፊልትሮው እስከ ካርቡራተር ያለው ጎማ መሰንጠቁና ፋሼታው መላላቱም አብሮ ይታይ።

አቧራ ፊልትሮውን አልፎ ይገባል

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ ምንም ምልክት ሳያሳይ ደህና እየሠራ ያልቃል። በባለሁለት ምት ሞተር አየሩ መጀመሪያ የሚገባው ክራንኩ ወዳለበት ክፍል በመሆኑ፣ አቧራው ፒስተኑንና ፋሻውን ብቻ ሳይሆን ኩሽኔታዎቹንም ይበላል። ከጥር እስከ ግንቦት የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር እንደ ዱቄት ልሞ መንገድ ላይ ይንሳፈፋል፤ በመኸር ወቅት ደግሞ በየዐውድማው የሚነሳው እብቅ ይጨመርበታል።

ምርመራው ቀላል ነው። ፊልትሮው ወጥቶ ወደ ካርቡራተር የሚወስደው ጎማ ውስጡ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠረጋል። ጨርቁ የአፈር ቀለም ከያዘ ወይም በጣት ሲታሽ ከሻከረ አቧራ አልፏል። በአንድ በኩል ብቻ የተሰመረ አቧራ ካለ የሚያስገባው የስፖንጁ ጠርዝ ነው፤ ዙሪያውን እኩል ከሆነ ግን ስፖንጁ ራሱ አላጣራም፣ ይኸውም ዘይት አንሶታል ወይም ቀዳዳው ሰፍቷል። ደረቅ ስፖንጅ ትልቁን ቆሻሻ እንጂ ደቃቁን አቧራ አይይዝም፤ ደቃቁን የሚይዘው ዘይቱ ነው። የፊልትሮ ዘይት ካልተገኘ ወፍራም የካምቢዮ ዘይት ወይም 30 ቁጥር የሞተር ዘይት ያገለግላል። ዘይቱ ሁሉም ጋ መድረሱ የሚታወቀው የስፖንጁ ቀለም አንድ ዓይነት ሲሆን ነው።

የጠርዙን ጉዳይ በተመለከተ፣ በእጅ የተሠሩ ፊልትሮዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፉት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በመቀስ የተቆረጠ ስፖንጅ ሲቆረጥ ስለሚጨመቅ፣ ሲለቀቅ ጠርዙ ወጣ ገባ ይላል። በአዲስ ምላጭና በቀጥ ያለ ጣውላ፣ ሳይጫኑ ደጋግሞ ማለፍ ቀጥ ያለ ጠርዝ ያስገኛል። መጠኑም ከሽቦ ቤቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ተለቅ ማለት አለበት፤ ክዳኑ ሲዘጋ ስፖንጁ ዙሪያውን ተጨምቆ መያዝ አለበትና። ለማረጋገጥ ስፖንጁ በሚያርፍበት ከንፈር ላይ ስስ ግራሶ ይቀባና ክዳኑ ተዘግቶ ይከፈታል፤ የግራሶው ምልክት በስፖንጁ ጠርዝ ላይ ሳይቋረጥ ዙሪያውን ካልታየ፣ የተቋረጠበት ቦታ አቧራ የሚገባበት ነው። ግራሶው ከተገጠመም በኋላ እዚያው ቢቆይ መልካም ነው።

መገጣጠሚያው ይላቀቃል፣ ወይም ስፖንጁ ወደ ውስጥ ይሳባል

መገጣጠሚያው በክር ብቻ ከተሰፋ እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ የአቧራ በር ይሆናል። ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ላይ በስሱ ተቀብቶ፣ ጣት ሲነካው መጣበቅ እስኪያቆም ተጠብቆ ከተጫነ ጥሩ ይይዛል። ጫፎቹ በሰያፍ ከተቆረጡ የሚጣበቀው ስፋት ይጨምራል። ወፍራም አድርጎ መቀባት ግን ደረቅ ግድግዳ ስለሚፈጥር ስፖንጁ ከአጠገቡ ይቀደዳል። ቤንዚን ማስቲሹን ስለሚፈታና ለእሳትም አደገኛ ስለሆነ ለማጠቢያነት አይመከርም። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ አለቅልቆ፣ በጥላ ማድረቅ ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም ዘይት አይቀባም። ስፖንጁ ወደ ውስጥ የሚሳብ ከሆነ የሽቦ ቤቱ ጎድሏል ወይም ዝጎ ተበልቷል። ሲተካ ጫፉ የሚሰበር ስስ ሽቦ መጠቀም አይገባም፤ የተሰበረች ጫፍ ከአቧራው የባሰ ጉዳት ታደርሳለችና።

በክረምት ሞተሩ ዝናብ ከመታው ወይም ወንዝ ከተሻገረ በኋላ አይነሳም

በደንብ ዘይት የጠጣ ስፖንጅ ውሃ በቀላሉ አይቀበልም፤ የደረቀው ግን ይመጠዋል። ስፖንጁ ወጥቶ ይጨመቅ፣ ይድረቅ፣ እንደገና ዘይት ይቀባ። በፊልትሮው ቤት ሥር ያለችው የውሃ መውጫ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍና እንደሆነም ትታይ፤ ውሃው ቤቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ከቀረ አዲስ የተቀባው ስፖንጅ እንደገና ይርሳል።