ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት የሚያስብ ጎንደሬ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ቤተ ክርስቲያን መለወጥ የግለሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያልፍም፤ ንስሐ አባት፣ ሰንበቴ፣ የጽዋ ማኅበር፣ የወላጆች መቃብር ሳይቀር በጥያቄው ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ምርመራው ጥንቃቄ ይሻል።

የመጀመሪያው ስህተት ቅሬታን እንደ ጥሪ መቁጠር ነው። በሰበካ ጉባኤ ውዝግብ የተማረረ ሰው ወደ ሌላ ደብር ሊሄድ ይችላል፤ በካቶሊክ አስተምህሮ ግን ራሱን መጠየቅ ያለበት፣ ክርስቶስ የመሠረታት ቤተ ክርስቲያን የጴጥሮስ ተከታይ የሆነው የሮማው ጳጳስና ከእርሱ ጋር አንድነት ያላቸው ጳጳሳት በሚመሯት ቤተ ክርስቲያን ጸንታ ትኖራለች የሚለውን ትምህርት ከልቡ ይቀበል እንደ ሆነ ነው። «ሁሉም ያው ነው» ብሎ የሚገባም ይህን ጥያቄ ዘልሎታል።

ከሁሉ የሚከፋው ያለፈውን ታሪክ ፈራጅ ማድረግ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን የመንግሥት ሃይማኖት ካደረጉ በኋላ ከሮም የተላኩት የካቶሊክ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ ማዘዛቸው ብዙ ደም ላፋሰሰው ዐመፅ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነበር፤ ንጉሡም በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1632 የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ይህን በደል ካቶሊኮችም ሳይሸፋፍኑ ሊናገሩት ይገባል። በሌላ በኩል በጎንደር ሊቃውንት ዘንድ የታወቁት መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ለዓመታት መርምረው ካቶሊክ ከሆኑ በኋላ በዚያው አቆጣጠር በ1855 በእግር ብረት ታስረው ሳሉ ዐርፈዋል። ማስገደድ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ስለ ትምህርቱ እውነትነት የሚያስረዳው ነገር የለም።

ብዙዎች ካቶሊክ መሆንን የፈረንጅ ሥርዓት ከመያዝ ጋር ያያይዙታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1990 ያወጀችው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ግን ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣ ክርስቲያን የራሱን ሥርዓት እንዲጠብቅ ያዛል። ስለዚህ ከተዋሕዶ የመጣ ጎንደሬ የሚገባው ወደ ላቲን ሥርዓት ሳይሆን የግእዙን ሥርዓት ወደ ያዘችው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዚያም የቅዳሴው ሥርዓት፣ ዜማው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ እንግዳ አይሆኑበትም።

ዳግመኛ ጥምቀት መጠየቅም ስህተት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ጥምቀትና ሜሮን ስለምትቀበል ከዚያ የሚመጣው ሰው የካቶሊክን እምነት ይመሰክራል እንጂ እንደ ኢአማኒ አይጠመቅም። ከፕሮቴስታንት የሚመጣ ግን በውኃ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም መጠመቁ ከተረጋገጠ ጥምቀቱ ሳይደገም ሜሮን ይቀባል።

ባለትዳር ደግሞ ውሳኔውን ከትዳር ጓደኛው ሰውሮ መጨረስ የለበትም፤ የልጆች ክርስትናና የቤቱ ጾም ጉዳይ እምነቱን ከመመስከሩ በፊት በግልጽ መነጋገርን ይጠይቃል።