በትንፋሽ ባንድ ክላሲካሉንና ባህላዊውን አንድ ላይ ስታቀርቡ

የትንፋሽ ባንድ ይዛችሁ ኮንሰርት ልታሰናዱ ከሆነ ከሁሉ በፊት የምላችሁ ይህን ነው፤ ባህላዊውን ዜማ መጨረሻ ላይ ለጭብጨባ ብቻ አታስቀምጡት። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን እንደዛ ነው። ክላሲካሉ ለሳምንታት ይለማመዳል፣ አምባሰሉና ባቲው ደግሞ «ሁላችንም እናውቀዋለን» ተብሎ ኮንሰርቱ ሲደርስ ይነካካል። ሕዝቡ አብሮት ያደገው ግን ያንን ዜማ ነው። ስህተት ካለ ቶሎ የሚሰማውም እዛው ላይ ነው።

ደግሞም ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። በኋላ ክቡር ዘበኛም፣ ምድር ጦርም፣ ፖሊስም የየራሳቸው ባንድ ነበራቸው። ትራምፔትና ሳክስፎን ከዘፈናችን ጋር የተዋሃዱት በአብዛኛው በእነሱ እጅ ነው። ስለዚህ ትዝታ በክላርኔት ያምራል፣ ተጫዋቹ ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸውን አምስት ድምፆች፣ ካወቀው።

ቅኝቱ ላይ ጊዜ ስጡ። አንቺሆዬን ከሲ (C) ብትጀምሩት ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ናቸው። ጂ የለም! አቀናባሪው ከልማድ ተነስቶ ቱባውን ሲ እና ጂ ላይ ካስቀመጠው ዜማው ወዲያው ጣዕሙ ይጠፋል። ቱባና ትሮምቦን የመነሻውን ድምፅ ብቻ ይዘው ይቆዩ፣ ሌላው ዜማውን ይከተል። ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) መደራረብ አያስፈልግም። ሌላው ነገር፣ ለሁሉም አንድ ኖታ አባዝታችሁ አታድሉ፤ አንዳንዱ መሣሪያ ከሚነበበው ኖታ የተለየ ድምፅ ነው የሚያወጣው። ሲ እንዲሰማ ትራምፔትና ክላርኔት ዲ፣ አልቶ ሳክስፎን ኤ፣ ሆርን ጂ ነው የሚያነቡት፤ አምስቱን ድምፅ ለየመሣሪያው ጽፋችሁ ስጡና ልምምድ በጀመራችሁ ቁጥር መጀመሪያ በአፍ አዚሙት፣ ከዛ ቀስ ብላችሁ አብራችሁ ንፉት።

ምቱም እንደዚሁ ነው። ጭክችካ በ6/8፣ ማለትም ስድስት ስድስት እየተቆጠረ፣ ይጻፋል፣ ግን ኖታ በማንበብ የጎበዘ ልጅ እንኳ ስድስቱን እኩል እኩል አድርጎ ይቆጥርና ነገሩ ሰልፍ ሰልፍ ይላል። ኖታውን ወደ ጎን አድርጉት። ከበሮ መቺው ይጀምር፣ ሌላው በእጁ ያጨብጭብ፣ ትከሻ መነቅነቅ ሲጀምር መሣሪያችሁን አንሱ። እውነት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ዋሽንት ወይም መሰንቆ የምትጨምሩ ከሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። መሰንቆ ክሩን አጥብቆ ወይም አላልቶ ወደ ባንዱ ይመጣል። ዋሽንት ግን የተቆረጠበት ልክ ነው ድምፁ፤ ተጫዋቹ የትኞቹ ዋሽንቶች እንዳሉት ጠይቁና ቅንብሩን ከዛ ተነስታችሁ ሥሩት። ኖታው ተባዝቶ ካለቀ በኋላ «አይገጥምም» ማለት የሁሉንም ልፋት ያበላሻል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ደግሞ ስለ ከንፈር አስቡ። ሁሉም በደንብ የሚችለው አጭር ማርሽ መክፈቻ ይሁን። ከዛ ዋናው ክላሲካል ሥራ፣ ከንፈር ሳይደክም። ለኦርኬስትራ የተጻፈውን ከመቆራረጥ ለባንድ ተብሎ የተጻፈ ብትመርጡ ይሻላል። እንግሊዛዊው አቀናባሪ ጉስታቭ ሆልስት እ.ኤ.አ. በ1909 የጻፈው በኢ ፍላት የሚጀምረው የመጀመሪያው ስዊት ጥሩ ምሳሌ ነው። አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ሦስት ክፍል አለው፣ የመጀመሪያውን ክፍል ዜማ የሚከፍቱት ቱባና ከሱ አነስ ያለው ዩፎኒየም ናቸው። ያው ዜማ እየተመላለሰ ስለሚመጣ ክላሲካል ሰምቶ የማያውቅ ሰውም አይጠፋበትም። ከሱ ቀጥሎ ትዝታ በጥቂት መሣሪያ ብቻ አስገቡ፤ ትራምፔቶቹ ያርፋሉ፣ ጆሮም ያርፋል። አንቺሆዬው መሀል ላይ ይሁን፣ ጭክችካው ወደ መጨረሻ። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

በዕለቱ ቶሎ ድረሱ። የአዲስ አበባ ምሽት ብርድ ነው፣ የቀዘቀዘ መሣሪያ ደግሞ ድምፁ ይወርዳል። ከሣጥን እንዳወጣችሁት አታስተካክሉት፤ አሥር ደቂቃ ያህል ንፉበትና ሲሞቅ አስተካክሉ። ከበሮውን ቱባው አጠገብ አስቀምጡት፣ ሁለቱ ካልተሰማሙ ሌላው የሚይዘው የለም። ለከበሮ ማይክ አያስፈልግም፣ ለዋሽንትና ለመሰንቆ ግን የግድ ነው።

«ይደገም!» ለሚለውም ተዘጋጁ። ለሱ የምታስቀምጡት ሥራ አጭርና ከፍ ያለ የትራምፔት ድምፅ የሌለበት ይሁን፣ በዛ ሰዓት የልጆቹ ከንፈር አልቋል።