ሰዓቱ የታወቀ ቻናል፦ የሰፈር ቴሌግራምን በቴሌቪዥን ፕሮግራም ስልት ማሳደግ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙም መለያውም ተቀያይሯል፤ የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ግን ዛሬም 2 ሰዓት ላይ ነው። ዜና የማይወድ ሰው እንኳ «ዜና ሳይጀምር እደርሳለሁ» ብሎ ቀጠሮ ይይዝበታል። ለሰፈር ቻናል ተከታይ የሚያመጣውም ይኸው ነው። መለጠፍ ማብዛት አይደለም፤ ምን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ሰው በቃሉ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

ይህ መመሪያ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና እነሱን በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ቻናል ለምታንቀሳቅሱ ነው። የውሃ ፈረቃ ብትዘግቡም፣ የሚከራይ ቤት ብታገናኙም፣ የምግብ አሠራር ብታስተምሩም አካሄዱ አይለወጥም።

መጀመሪያ ሰንጠረዥ ሥሩ። የደብተር ገጽ ላይ በአግድም ሰባቱን ቀናት፣ በቁመት አራት የሰዓት ክፍሎችን አስምሩ። የቴሌቪዥን አዘጋጆች ቀኑን የሚከፋፍሉት ሰው በዚያ ሰዓት የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ አይተው ነው። ከተማ ዳር ደግሞ ቀኑ በሌሊት ይጀምራል። ከንጋቱ 11፡30 እስከ ጠዋት 2 ሰዓት ሰዉ ወይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው ወይ አውቶቡስ ውስጥ ቆሟል። በአንድ እጁ የአውቶቡሱን ብረት የጨበጠ ሰው የሚያነበው ከአምስት መስመር ያልበለጠ፣ ዋናው ነገር የመጀመሪያው መስመር ላይ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው። ቪዲዮ እዚህ ሰዓት ላይ ከንቱ ነው፤ ኔትወርኩም ካርዱም አይፈቅድም። ከ6 እስከ 7 የምሳ ሰዓት ነው፤ ለዋጋና ለማስታወቂያ ይመቻል። ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሰዉ ደክሞት እየተመለሰ ስለሆነ ፎቶ ወይም ቀላል ጥያቄ ይበቃዋል። ረጅሙ ጽሑፍ የሚገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ እራት ተበልቶ ዕቃው ሲነሳ ነው።

አሁን 28 ሳጥን አላችሁ። አትሙሏቸው። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ብቻ ያዙ፤ እነሱንም ሳትታመሙም ታማችሁም የምታወጧቸው ይሁኑ። ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ያላችሁት ነገር ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ካልመጣ ተከታዩ አይቆጣም፣ አይጽፍላችሁም፤ መጠበቁን ብቻ ይተዋል። ሰንጠረዡ ሲያልቅ አጠር አድርጋችሁ ጻፉትና ቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርጉት።

ሰዓቱን ለማክበር ሁልጊዜ ስልክ ይዞ መቀመጥ አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ቀስት ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ መልእክቱን በሰዓት የመቅጠር አማራጭ ይመጣል። የተቀጠረው የሚወጣው ከቴሌግራም ሰርቨር ነው፤ መብራት ቢሄድም ስልካችሁ ቢዘጋም ይወጣል። ለእኛ ሰፈሮች ይህች ነገር ወርቅ ናት። የሚያሳስተው የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ስልኩ የሚጠይቀው በውጭ አቆጣጠር ስለሆነ «ምሽት 3 ሰዓት» ብላችሁ አስባችሁ 3፡00 ብትሞሉ ጽሑፉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰው ይቀሰቅሳል። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ላለው 6 ጨምሩ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ላለው 18 ጨምሩ፤ ለንጋት 11 እና ለጠዋት 12 ሰዓት 6 ቀንሱ። ስለዚህ ምሽት 3 ሰዓት 21፡00፣ ጠዋት 12፡30 ደግሞ 6፡30 ነው። ከቀጠራችሁ በኋላ የተቀጠሩትን ዝርዝር ከፍታችሁ ቀኑን ደግማችሁ እዩ፤ ሰዓቱ ልክ ሆኖ ቀኑ የሚሳሳትበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ምሽት 2 ሰዓት ላይ ዋና ጽሑፋችሁን አታውጡ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ሌሎች ቻናሎችም ያንኑ የከተማ ዜና እየተቀባበሉ ነው። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲመጣ ከነባሮቹ ጋር በዜና አልተጋፋም፤ በአማርኛ ድምፅ የተቀዱ የውጭ ተከታታይ ድራማዎች ይዞ መጣ። የሰፈር ቻናልም የሚያዋጣው ትልልቆቹ የማይነኩት ነገር ነው። እሁድ ገበያ ላይ ዛሬ ሽንኩርት በስንት ነው፣ የትኛው ብሎክ ሊፍቱ ቆሟል፣ ጠዋት ወደ መገናኛ የሚሄደው አውቶቡስ ሰልፉ የት ድረስ ነው የሚለውን ማንም ትልቅ ሚዲያ አይጽፍም።

ቀጥሎ የሚመጣው አብዛኛው ቻናል የሚስተው ነው፤ ቅደም ተከተል። ተመልካች አንድ ፕሮግራም ካየ በኋላ ጣቢያ ሳይቀይር ቀጣዩንም የማየት ልማድ አለው። ስለዚህ ጣቢያዎች አዲስና ያልታወቀ ፕሮግራም ሲኖራቸው በሁለት ተወዳጅ ፕሮግራሞች መካከል ያስገቡታል። ኮንዶሚኒየም አካባቢ ተወዳጁ ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ የውሃ ፈረቃ ነው። እንግዲህ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት የነገውን ፈረቃ አውጡ፣ 3፡20 ላይ ልታስለምዱት የፈለጋችሁትን አዲስ አምድ፣ 3፡45 ላይ የሚከራዩ ቤቶችን ዝርዝር። ፈረቃው ከሚመለከተው ቅርንጫፍ ያልተረጋገጠ ከሆነ ግን አታውጡት። አንድ ቤተሰብ ባልዲ ደርድሮ ሌሊቱን ከጠበቀ በኋላ ውሃው ካልመጣ ሌላውንም ጽሑፋችሁን አያምንም።

በሦስቱ መካከል ያለው ስፌት ላይ ነው ሰው የሚወጣው። የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1994 የፕሮግራም ማብቂያ የስም ዝርዝሮችን ወደ ስክሪኑ ዳር ጨምቆ በቀረው ቦታ ሌላ የሚታይ ነገር ማሳየት የጀመረው ለዚሁ ነው፤ ሪሞት የሚነሳው ስሞቹ ሲወርዱ ነበርና። በቻናል ላይ ይህን የሚተካው የጽሑፉ የመጨረሻ መስመር ነው። «ሼር አድርጉ» ብላችሁ አትጨርሱ። «ከ20 ደቂቃ በኋላ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አከራዩን የምትጠይቁት» ብላችሁ ጨርሱ። ሦስት መልእክት በተከታታይ ስልክ ካስጮኸ ደግሞ ሰው ቻናሉን ሚዩት ያደርጋል፤ መካከለኛውን ያለ ድምፅ ላኩት።

ተከታታይ ጽሑፍ ስታቅዱ መጨረሻው የታወቀ ይሁን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ስምንት ሳምንት ገደማ። ስምንት የጾም ምግብ፣ በየሳምንቱ አንድ፣ ሁሌ እሁድ ምሽት 3 ሰዓት። ሰው የሳምንቱን ሽሮ ከመሰላቸቱ በፊት ይደርስለታል። ርዕሱ ላይ «ክፍል 3 ከ8» ብላችሁ ጻፉ፤ ከላይ ባለፈው ምን እንደነበር በአንድ መስመር አስታውሱ፣ ምክንያቱም ክፍል 3 ላይ የሚገባው ሰው ሁሌም አለ። «ይቀጥላል» የምትሉበት ቦታ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንባቢ ዛሬ የሚያስፈልገውን ነገር ለነገ ማቆየት ተንኮል ነው፤ የሽንኩርት ዋጋ «ነገ ይጠብቁን» አይባልም። የዛሬው ጥያቄ ተመልሶ አዲስ ጥያቄ ሲወለድ ነው መቁረጥ ያለባችሁ። ስለ ኪራይ ውል ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ «አከራዩ ቤቱን ቢሸጠውስ? ሐሙስ 3 ሰዓት» ማለት ያስኬዳል።

ድጋሚ ማቅረብ አያሳፍርም። ማታ የወጣውን ያላየ ብዙ ነው። ቢያንስ ሁለት ወር ካለፈው በኋላ የመጀመሪያውን መስመር ቀይራችሁ፣ ዋጋና ስልክ ቁጥሩን አድሳችሁ በምሳ ሰዓት አውጡት።

ውጤቱን ከጽሑፉ ሥር ስንት ጊዜ እንደታየ በምትቆጥረው የዓይን ምልክት ተከታተሉ፤ ግን ሁሌም ከወጣ 24 ሰዓት ሲሞላው። የትናንቱን ከባለፈው ወሩ ጋር ማወዳደር አያስኬድም፣ አሮጌው ሲጠራቀም ቆይቷልና። ቁጥሩ ወደ ሌላ የተላለፉ ቅጂዎችንም ስለሚጨምር አንድ ጽሑፍ ብቻውን ከተተኮሰ የሆነ ትልቅ ግሩፕ ወስዶታል ማለት ነው፤ የእናንተ ሰዓት ተወዷል ማለት ላይሆን ይችላል። አንድ አምድ ለስድስት ሳምንት ከሌሎቹ ግማሽ በታች ከሆነ አትሰርዙት፣ መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሩለት። በአዲሱ ሰዓትም አራት ሳምንት ስጡት፤ ርዕሱን፣ ፎቶውንና ሰዓቱን አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። እዚያም ካልተነሳ አውርዱት።

በዓል ሲቃረብ መደበኛው ሰንጠረዥ ይታጠፋል። የእንቁጣጣሽ የዶሮና የቅቤ ዋጋ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ይፈለጋል፤ ጳጉሜን ላይ ብትጀምሩ ሰዉ ገዝቶ ጨርሷል። ክረምት ላይ ማረፍ ካሰባችሁ ደግሞ ፒን ባደረጋችሁት ሰንጠረዥ ላይ «እስከ መስከረም 5 እረፍት» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፤ የመጀመሪያውን የመስከረም ጽሑፍም ከመሄዳችሁ በፊት ቀጥራችሁ ሂዱ።