ትራኪንጉ «ደርሷል» ይላል፣ ደንበኛዋ «አልደረሰኝም» ትላለች

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ምድር ቤቴ ውስጥ ሐበሻ ቀሚስ፣ ጀበናና ሲኒ ደርድሬ በኢንተርኔት እሸጣለሁ። አንድ ጊዜ የሰርግ ቀሚስ ከነካባው በ860 ዶላር ተሸጠልኝ። ለሙሉ ዋጋው ኢንሹራንስ ገዝቼ ላክሁት፣ ከዚያ በኋላ ስለሱ ማሰብ ተውኩ። ረቡዕ ከሰዓት ትራኪንጉ (እሽጉ የት እንደደረሰ በኢንተርኔት የሚያሳየው መከታተያ) «ደርሷል፣ የፊት በር» አለ። ማታ 3 ሰዓት ላይ መልእክት ገባ፦ «እህቴ፣ እቃው አልደረሰኝም እኮ። ሰርጉ ቅዳሜ ነው።»

ኢንሹራንሱን ብጠይቅ «ደርሷል ለተባለ እሽግ አንከፍልም» አሉኝ። የሸጥኩበት ገበያ ደግሞ «የተረከበችበት ፊርማ የታለ?» ብሎ ገንዘቡን ለገዢዋ መለሰ። ቀሚሱም ሄደ፣ ገንዘቡም ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ስለ ፊርማ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ካነበብኩት ውስጥ ዋናው ይሄ ነው። ኢንሹራንስ የሚሠራው እቃው መንገድ ላይ ሳለ ነው፤ ለጠፋውና ለተሰበረው። ፊርማ፣ ማለትም ተቀባዩ ፈርሞ እንዲረከብ ተጨማሪ የምንከፍልበት አገልግሎት፣ የሚሠራው በሩ ላይ ነው፤ «አልደረሰኝም» ለሚለው። ካርቶኑ ውስጥ ምን ነበር ለሚለው ጥያቄ ሁለቱም መልስ የላቸውም። ብዙዎቻችን ገንዘብ የምናጣው ሳንገዛ ቀርተን ሳይሆን አንዱን በሌላው ቦታ ገዝተን ነው። ከዚህ በታች ያሉት በእኔና በጓደኞቼ ላይ የደረሱ ችግሮች ናቸው።

«ደርሷል» ይላል፣ እቃው ግን የለም

ምክንያቱ ሁልጊዜ ሌባ አይደለም። የአፓርትመንቱ ቢሮ ተቀብሎ ያስቀመጠው ይኖራል። ጎረቤት አንስቶት ይሆናል። ፖስተኛው ሳያደርስ ቀድሞ ስካን አድርጎ («ደርሷል» ብሎ በማሽኑ መዝግቦ) እቃው በማግስቱ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ደንበኛዋን በጨዋ ቋንቋ አንድ ቀን ጠይቋት። ቢሮውን፣ የእሽግ ሳጥኑን፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ታጣራ። እናንተም ሌብሉ (ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈው የአድራሻ ወረቀት) ላይ ያለው አድራሻ ትዕዛዙ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ የአፓርትመንት ቁጥሩ እንዳልተዘለለ እዩ።

ካልተገኘ ስልክ አንሱ። የሚደወለው ግን እናንተ ወደላካችሁበት ፖስታ ቤት ሳይሆን የእሷን ሰፈር ወደሚያዳርሰው ነው። ፖስተኛው ስካን ሲያደርግ የቆመበት ቦታ በጂፒኤስ ይመዘገባል። «ስካን የተደረገው የት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የጎረቤት ቤት ሆኖ ከተገኘ፣ ያው ፖስተኛ ሄዶ ሊያመጣው ይችላል።

ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ከመላካችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ቁጥር 750 ነው። የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይም፣ ክፍያ የሚያስተላልፈው ፔይፓልም ሽያጩ 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ «አልደረሰኝም» ከሚል ክስ ሻጩን የሚከላከሉት የፊርማ ማረጋገጫ ካለ ነው። ከዚያ በታች ለሆነው «ደርሷል» የሚል ትራኪንግ ይበቃቸዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ የሚቆጠረው የቀሚሱ ዋጋ ብቻ መስሎት ነው። የሚታየው ገዢዋ የከፈለችው ጠቅላላ ድምር ነው። በ710 ዶላር የሸጣችሁት ቀሚስ ማጓጓዣውና ታክሱ ሲጨመርበት ሳታስቡት 750ን ያልፋል። እኔ ከ650 ጀምሮ ፊርማ አስገባለሁ። ጥቂት ዶላር ነው፣ ለእሱ አልከራከርም።

ፊርማም ዓይነት አለው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ተራው የፊርማ ማረጋገጫ ላይ አድራሻው ላይ የተገኘ ሰው ሊፈርም ይችላል፤ እህቷም፣ አብራት የምትኖረውም። ደንበኛዋ ራሷ ወይም እሷ የወከለችው ብቻ እንዲፈርም ከፈለጋችሁ ለተቀባዩ ብቻ የሚሰጠውን ዓይነት ትገዛላችሁ። ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ይፈርም የሚልም አለ። ለቀሚስ ተራው በቂ ነው፤ ዋናው ነገር እዚያ አድራሻ ላይ ሰው እጅ መግባቱ ነው።

ፊርማ ገዛሁ፣ እቃው ወደ እኔው ተመልሶ መጣ

ይሄ ደግሞ የእኛ ሰው ሕመም ነው። ደንበኞቻችን ሁለት ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ፖስተኛው ቀን ይመጣል፣ ቤት ሰው የለም፣ ወረቀት ለጥፎ ይሄዳል። ወረቀቷን ማስታወቂያ መስሏት ትጥላታለች። ፖስታ ቤቱ እሽጉን 15 ቀን ያቆየዋል፣ ከዚያ ወደ ላኪው ይመልሰዋል።

መፍትሄው አንድ መልእክት ነው። እሽጉን በሰጣችሁበት ቀን ጻፉላት፦ «እቃሽ ፊርማ ይፈልጋል። ቤት ካልተገኘሽ ወረቀት ይለጥፉልሻል፣ እንዳትጥያት። መታወቂያሽን ይዘሽ ከፖስታ ቤት ልትወስጂው ትችያለሽ፣ ወይም በኢንተርኔት ሌላ ቀን እንዲያመጡልሽ አድርጊ።» እኔ ይሄንን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ።

አንዳንዷ ከከፈለች በኋላ «ወደ ሥራ ቦታዬ ላኪልኝ» ትላለች። ለእሷ ብላችሁ ሌብሉ ላይ አድራሻ እንዳትቀይሩ። ትዕዛዙ ላይ ከሰፈረው ውጭ ወደ ሌላ አድራሻ የላከ ሻጭ፣ ፊርማ ቢኖረውም መከላከያውን ያጣል። ትዕዛዙን ሰርዙና በአዲሱ አድራሻ እንደገና ትግዛ። ቅር የምትል ትኖራለች። ትበል።

ጀበናው ተሰብሮ ደረሰ

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት እሽግ በሚልክባቸው አገልግሎቶች፣ በፕራዮሪቲ ሜይልም ሆነ በ2023 በጀመረው ግራውንድ አድቫንቴጅ፣ እስከ 100 ዶላር የሚደርስ ኢንሹራንስ ውስጡ አለ። ለ60 ዶላር ጀበና ተጨማሪ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ዋጋው ከ100 ሲያልፍ ነው የሚጨመረው፤ እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ይሸጡላችኋል።

ችግሩ ያለው ማስከፈሉ ላይ ነው። ደንበኛዋ ስብርባሪውን ፎቶ አንስታ ትልክላችኋለች፣ ካርቶኑን ግን ጥላዋለች። ያለ ካርቶን ክርክሩ ይከብዳል፤ ፖስታ ቤቱ እቃውንም ማሸጊያውንም ልየው ሊል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ይቅርታ» ከሆነ ሁለተኛው «ካርቶኑን እንዳትጥይው» ይሁን። ካርቶኑን ከውጭ፣ ሌብሉን፣ የውስጡን መጠቅጠቂያና ስብርባሪውን ለየብቻ ታንሳ። የክፍያ ማመልከቻው እሽጉ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ከደረሰበት ቀን አይደለም።

ዋጋውንም አስረዱ ይሏችኋል። ሽሮ ሜዳ ላይ የተገዛ ጀበና ምን ደረሰኝ አለው? የለውም። ግን ደንበኛዋ የከፈለችበት የሽያጭ ገጽ ማስረጃ ይሆናል። እሱን አትሙና አስቀምጡ። ዋጋውን አጋንኖ ኢንሹራንስ መግዛት ደግሞ ምንም አይጠቅምም፤ የሚከፍሉት እቃው ያወጣውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ጀበና የሚሰበረው አንገቱ ላይ ነው፣ ቀጥሎ እጀታው። ሆዱ ጠንካራ ነው። ሰው ግን ሆዱን በባብል ራፕ አሥር ጊዜ ጠምጥሞ አንገቱን እንደ ቀጭኔ ያቆመዋል። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ክዳኑን አውጥቼ ለብቻ እጠቀልላለሁ። አንገቱን በተጨማደደ ወረቀት ከሆዱ ጋር እኩል እስኪወፍር አለብሰዋለሁ። በእጀታውና በአንገቱ መካከል ያለውን ክፍተት እጠቀጥቃለሁ፤ ብዙው ሰው የሚረሳት ቦታ እሷ ናት። ከዚያ ጠቅላላውን ጠቅልዬ ማቶቱ ላይ አስቀምጥና ትንሽ ካርቶን ውስጥ አስገባዋለሁ። ትንሹን ካርቶን በዙሪያው 5 ሴንቲሜትር ያህል መጠቅጠቂያ ባለበት ትልቅ ካርቶን ውስጥ። ዘግቼ ጆሮዬ ሥር እነቀንቀዋለሁ። ድምፅ ካለ እንደገና ይከፈታል። ማሸጊያው ደካማ ነበር ካሉ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይከፍሉም፣ ስለዚህ የታሸገውን ሳልዘጋው ፎቶ አነሳዋለሁ።

ትራኪንጉ ከመጀመሪያው አልተንቀሳቀሰም

«ሌብል ተዘጋጅቷል» ብሎ ከቆመ፣ ሲረከቡ ስካን አላደረጉትም ማለት ነው። ከጠፋ ደግሞ በእርግጥ መስጠታችሁን የምታስረዱበት ነገር የላችሁም። ውድ እቃ በር ላይ ለፖስተኛ አትስጡ፣ ሳጥን ውስጥም አትወርውሩ። ፖስታ ቤቱ መስኮት ጋ ሄዳችሁ ስካን አስደርጉና ደረሰኝ ተቀበሉ። ሰልፉ ያናድዳል፣ አውቃለሁ።

መንገድ ላይ ከቆመ፣ ከተላከ ከ7 ቀን በኋላ የጠፋ እሽግ ፍለጋ ማስመዝገብ ይቻላል። የኢንሹራንስ ክፍያ መጠየቅ የሚቻለው ግን ከተላከ ከ15ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 60ኛው ቀን ነው። በ5ኛው ቀን ተናዳችሁ ብታመለክቱ አይቀበሏችሁም። 60ው ካለፈም አለቀ።

በግል እቃ አመላላሾቹ በዩፒኤስ ወይም በፌዴክስ የምትልኩ ከሆነ እዚያም የመጀመሪያው 100 ዶላር አለ። ከዚያ በላይ የምትከፍሉበት «የተገለጸ ዋጋ» የሚባለው ግን ኢንሹራንስ አይደለም። ራሳቸውም ይሉታል። ኃላፊነት የሚወስዱበት ጣሪያ ከፍ ይላል እንጂ ማስረጃውን የምታቀርቡት እናንተ ናችሁ።

«የላክሽልኝ ሌላ ቀሚስ ነው»

እዚህ ላይ ፊርማውም ኢንሹራንሱም ዝም ይላሉ። እሷ የፈረመችው ካርቶን መቀበሏን ነው። ለዚህ የሚረዳው ሳትልኩት የሠራችሁት ሥራ ነው። ቀሚሱን ጥለቱ በቅርብ እንዲታይ አንሱት፤ የእጅ ሥራ ስለሆነ ሁለት ጥለት አንድ ዓይነት አይሆንም፣ ይሄ ለእኛ ጥሩ ነው። ስታሽጉ ሌብሉ እስኪለጠፍ ድረስ ሳታቋርጡ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። መስኮቱ ላይ የምትቀበሉት ደረሰኝ ክብደቱን ይጽፋል። 2 ኪሎ የመዘነ ካርቶን «ባዶ ነበር» ሲባል ያ ቁጥር ይናገራል።

አሁን ውድ እቃዎቹን እንዲህ ነው የምልካቸው። ከ100 እስከ 650 ዶላር ኢንሹራንስ ብቻ፣ ከዚያ በላይ ሁለቱም። እቃው እንደደረሰ ከትራኪንጉ ገጽ ላይ ፊርማው ያለበትን ደብዳቤ ጠይቄ፣ ከፎቶዎቹና ከደረሰኙ ጋር በደንበኛዋ ስም ስልኬ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ፔይፓል ላይ ገዢ እስከ 180 ቀን ድረስ ክርክር መክፈት ስለሚችል እስከዚያ አልነካውም። በ181ኛው ቀን አጠፋዋለሁ፤ ስልኬም ቦታ ያገኛል።